ግምት

ጥር በገባ በሦስት፣ ከደምበጫ ወጥቼ
ፈፋውን ለካሁት ገመድ ዘርግቼ።
ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ሜትር፣
ውፍረቱ ሃያ ሳንቲም፤ ከዚህ ወዲያ ቁጥር።
ስድስት ሲባዛ በሁለት፣ ሲባዛ በነጥብ ሁለት፣
ሁለት ነጥብ አራት ኩብ፤ ይኸ ነው ድልድይ ማለት።
ደረቁ ሲረጥብ ግን ይሰክናል፣ ያንሳል፣
ሰው ደረቁን ቆጥሮ እርጥቡን ይረሳል።
ስለዚህ እንደገና በአንድ ተኩል አባዛሁ፣
አንድ ለሁለት ለሦስት ብዬ በሳጥን ከፋፈልሁ።

ሲሚንቶ፦ ዘጠኝ ኩንታል።
ብክነት፦ ግማሽ ኩንታል።
(ነፋስም ይወስዳል፣ ከረጢትም ይቀደዳል፣
ሰውም ሰው ነውና ማታ ቤቱን ይለስናል።)
አሸዋ፦ ከተምጫ፣ ከመታጠፊያው በታች፤
በጠርሙስ ከውሃ ጋር ናጥሁት፣ ጭቃዋ ከላይ ተኛች።
ከጥፍር አትወፍርም፤ ይሁን፣ ጻፈው አልሁ ለራሴ፣
አንድ ኩብ ከሩብ። ጠጠር ሁለት። ቀጠለ እርሳሴ።
ባለ አሥራ ሁለት ፌሮ ሰባት በርጋ፣ ባለ አሥሩ ስድስት፤
ማሰሪያ ሽቦ፣ ምስማር፤ ጣውላ ከይትባረክ ቤት በውሰት።
ለመደገፊያ የሚቆም የባሕር ዛፍ አጠና አርባ፣
እሱ ከምንይችል ግቢ በነፃ የሚገባ።
ውሃ፦ እዚህ ላይ ባዶ አስቀመጥሁ፤
ምንጭ አለ፣ ሰው አለ፣ ብዬ ቸል አልሁ።

ዋጋውን አትጠይቁኝ፤ ዋጋ በኔ እጅ አያድርም፤
የሰኞው ነጋዴ ሐሙስ በዚያው አፉ አይናገርም።
«ያ የሰኞ ነበር ጋሼ» ይለኛል ፈገግ ብሎ፣
ከረጢት እያራገፈ፣ ሚዛኑን ወደ ጥግ አግልሎ።
እንየው ጤፉን ጫነና ሄደ በሁለት አህያ፣
ነጩን ይዞ ወርዶ አመድማውን ይዞ መጣ ከገበያ።
ኩንታል በኩንታል አይደለም። ስንት በስንት እንደሆነ
እሱም አልነገረኝ፤ ገመዱን ሲፈታ ዝም እንዳለ ሆነ።

ኮሚቴው ከወፍጮ ቤቱ በር ደብተሬን ተቀባበለ፣
ሊቀመንበሩ ቢያድግልኝ መነጽሩን ሰቀለ።
«ከሃያው ሳንቲም አምስቱን ብንቀንሰው ምን ይላል?»
«እሱ ምንም አይል» አልሁ፣ «ክረምቱ ግን ይናገራል።»
ሉማሜ ላይ አንድ ሶሌታ አለ። ወጣት ነበርሁ፣
ቀንስ ያሉኝን ቀነስሁ፤
ዛሬም በዚያ ሳልፍ መንገድ እቀይራለሁ።

መዋጮው በሌላ ገጽ ነው፤ ስም በስም፣ ብር በብር።
እማማ ፈንታነሽ ጋ ስደርስ ቆመ ቁጥር።
«ምንም የላቸውም፣ እለፋቸው»
አለኝ ቢያድግልኝ።
ሰረዝ አድርጌ አለፍኋቸው።

ሐሙስ ሞላነው። አካፋ፣ ባሬላ፣ ጩኸት፣ ላብ፤
ማታ ላዩ ለስልሶ ተኛ፣ እንደ ረጋ አይብ።
«ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ!» ብዬ ጮህሁ ለሰፈሩ፤
«እሺ» አሉ፤ በማግስቱ ሁሉም ለሠርግ በረሩ።
የጥር ፀሐይ ናት። በሦስተኛው ቀን ስመጣ፣
ተሰንጥቆ ይሆናል ብዬ ነፍሴ ልትወጣ፣
ላዩ ገለባ ለብሷል፤ ገለባው ያንጠባጥባል፤
ቢጫ ጀሪካን ያዘለ ጀርባ ከምንጩ ዳገት ይሳባል።
«በቀን ስንቴ ነው እማማ?» «እሱን አልቆጠርሁትም፤
አንተ ትቆጥር የለ?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁም።
ማታ ግን ተደብቄ፣ በኩራዝ፣
አሥር ሊትር በስምንት፣ ስምንቱ በሰባት ቀን፦
አምስት መቶ ስድሳ ሊትር፤ ያውም በዚያች ቀጭን ጎን።

ድልድዩ ክረምቱን አለፈ።
ለሲሚንቶው የሰጠሁት ግምት ልክ ነበረ፤
ብክነት ያልሁት ግማሽ እንኳ ከማንም ቤት ሳይገባ ቀረ።
የሚያዝያ ዝናብ አግኝቶት ከረጢቱ ውስጥ ደነደነ፣
ልብሱ ሲላጥ ትራስ የመሰለ ድንጋይ ሆነ።
ደብተሩን አልጣልሁትም። ከስማቸው ፊት ያለው ሰረዝ
እዚያው አለ፤ ምን ልጻፍበት? በምንስ ልሰርዝ?
ድንጋዩን ከድልድዩ አፍ አንከባለልነው፤ እማማ ፈንታነሽ
ጀሪካናቸውን አውርደው ይቀመጡበታል ሲመሽ።